እውነት እየተናገሩ ስለ ማታለል፤ ኢክዊቮኬሽን የተባለው የእንግሊዝኛ ቃል ታሪክና ትርጓሜ

የእንግሊዝ ቋንቋ ለሐሰት ያለው ስም ብዙ ነው። ተራው ውሸት «ላይ» ይባላል፤ በመሐላ ላይ የተነገረው ውሸት «ፐርጀሪ» ይባላል፤ ገንዘብ ለመውሰድ የተሠራው ተንኰል «ፍሮድ» ይባላል። እነዚህ ሁሉ አንድ ሰው ያልሆነውን ሆኗል ብሎ መናገሩን ወይም ማሳየቱን የሚያመለክቱ ስለ ሆኑ፥ ወደ አማርኛ ለመመለስ እምብዛም አያስቸግሩም። ከመካከላቸው ግን ጠባዩ የተለየ አንድ ቃል አለ፤ ይኸውም «ኢክዊቮኬሽን» የተባለው ነው። በዚህ ቃል የሚወቀሰው ሰው የተናገረው ነገር ተመርምሮ ሲታይ እውነት ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ሰሚው ግን ተታልሏል። ስለዚህ በጽሕፈት ቤትም ሆነ በችሎት የእንግሊዝኛ ጽሑፍ የሚተረጕም ሰው ይህን ቃል ባገኘ ጊዜ «ዋሸ» ብሎ ቢመልሰው፥ በሰውየው ላይ ያልተባለውን ክስ መጨመሩ ነው፤ «አመነታ» ብሎ ቢያልፈው ደግሞ የተባለውን ወቀሳ መሠረዙ ነው። ቃሉ ይህን ጠባይ ከየት እንዳመጣው ለማወቅ ታሪኩን መመልከት ያስፈልጋል፤ ታሪኩም የሰው ደም የፈሰሰበት ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።

የቃሉ ሥር ሮማይስጥ ነው። «ኤኩስ» ማለት እኩል ነው፤ «ቮክስ» ማለት ድምፅ ነው፤ ሁለቱ ሲጋጠሙ አንድ ስም ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እኩል የሚጠራ መሆኑን ያመለክታሉ። አርስጣጣሊስ ስለ ምድቦች የጻፈውን መጽሐፍ የሚጀምረው በዚሁ ነገር ነው፤ በ6ኛው መቶ ዓመት ቦኤትዮስ መጽሐፉን ከጽርእ ወደ ሮማይስጥ ሲመልስ ይህን ቃል ተጠቀመበት። እንግሊዞችም ቃሉን በ14ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ የተቀበሉት ከትምህርት ቤት ነው። ያን ጊዜ የክርክር መምህራን አንዱን የአነጋገር ስሕተት የሚጠሩበት ስም ነበረ እንጂ የሰው ነውር ስም አልነበረም። ስሕተቱን በአማርኛ ለማሳየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አንድ ሰው «የነገር ሁሉ መልካምነት በፍጻሜው ነው፤ ሞት የሕይወት ፍጻሜ ነው፤ እንግዲህ የሕይወት መልካምነት በሞት ነው» ቢል፥ በመጀመሪያው ላይ ፍጻሜ ያለው ግቡን ነው፤ በሁለተኛው ላይ ግን ማለቂያውን ነው። ቃሉ አንድ ሆኖ ሳለ ነገሩ ተለወጠ፤ ክርክሩም በዚያው ወደቀ። «አለ» የሚለውም ቃል ላልቶ ሲነበብ ተናገረ ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ይገኛል ማለት ነው፤ ፊደሉ ግን መጥበቅንና መላላትን ስለማያሳይ የሚለየው አንባቢው ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ ማንም ማንንም አላታለለም።

ቅኔ የተማረ ሰው ይህን ሲሰማ ኅብር የተባለውን መንገድ ማሰቡ አይቀርም። በእርግጥም መሣሪያው አንድ ነው፤ ባለ ቅኔው አንዱን ቃል ለሰምም ለወርቅም ያውለዋል። ልዩነቱ ያለው በሰሚው ዘንድ ነው። ባለ ቅኔ ወርቁን የሚሰውረው ሰሚው ቈፍሮ እንዲያገኘው ነው፤ ጉባኤው ወርቁን ሳያገኘው ቢነሣ ቅኔው ከሸፈ። ኢክዊቮኬሽን ግን የሚከሽፈው ወርቁ የተገኘ ዕለት ነው፤ ተናጋሪው ሰሙን ለሰሚው ሰጥቶ ወርቁን ለራሱ ያስቀረዋልና። በ1889 የተጻፈው የውጫሌ ውል 17ኛው አንቀጽም ብዙ ጊዜ በዚህ ስም ሲጠራ ይሰማል፤ አጠራሩ ግን ትክክል አይደለም። አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ በኢጣልያ መንግሥት በኩል መላላክ ይቻላቸዋል ሲል፥ የኢጣልያንኛው ግድ አደረገባቸው። በዚያ ሁለት ቃል ያለው አንድ ውል ነበረ፤ ኢክዊቮኬሽን ግን ሁለት ትርጓሜ ያለው አንድ ቃል ነው።

የመምህራን ቃል የነበረው ስም የነውር ስም የሆነው በእንግሊዝ አገር በሃይማኖት ምክንያት በተነሣው ስደት ነው። በንግሥት ኤልሳቤጥ ዘመን በ1585 የወጣው ሕግ፥ ባሕር ማዶ ቅስና የተቀበለ የካቶሊክ ቄስ በእንግሊዝ ምድር ቢገኝ እንደ መንግሥት ከዳተኛ በሞት እንዲቀጣ፥ ያስጠጋውም ሰው ሞት እንዲፈረድበት ያዝዝ ነበር። ሹማምንቱ ወደ ቤት ገብተው ባለቤቱን «በዚህ ቤት ቄስ አለ ወይ?» ብለው በመሐላ ሲጠይቁት፥ አለ ቢል እንግዳውንም ራሱንም ያስገድላል፤ የለም ብሎ ቢምል የእግዚአብሔርን ስም በሐሰት መጥራቱ ነው፤ ዝም ቢል ዝምታው እንደ ማመን ይቈጠርበታል። በዚህ ጊዜ አንዳንድ የካቶሊክ ሊቃውንት፥ ከእነርሱም በላይ የስጳንያው የቀኖና ሊቅ ማርቲን ደ አስፒልኩዌታ፥ ሦስተኛ መንገድ አለ ብለው አስተማሩ። ይህም መንገድ የነገሩን እኩሌታ በአፍ ተናግሮ እኩሌታውን በልብ ማስቀረት ነው። ሰውየው በአፉ «የለም» ይላል፤ በልቡ «ለእናንተ ልነግራችሁ የሚገባኝ» ብሎ ይጨምርበታል፤ የአፉና የልቡ ቃል በአንድነት ሲሰማ እውነት ነው፤ ሁለቱንም በአንድነት የሚሰማ ግን እግዚአብሔር ብቻ ነው።

ሮበርት ሳውዝዌል የጀስዊት ማኅበር ቄስና ባለ ቅኔ ነበረ። ይህ ማኅበር በኢትዮጵያ ታሪክ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ስሙ የሚነሣው ነው። ሳውዝዌል በ1592 ተይዞ ከታሰረ በኋላ በ1595 ለፍርድ ቀረበ፤ የተያዘበትም ቤት ልጅ መጥታ፥ ቄስ አይተሽ እንደ ሆነ ቢያስምሉሽ ለእነርሱ ለመናገር አላየሁም እያልሽ በልብሽ፥ በአፍሽ ግን አላየሁም ብለሽ ማይ ብሎ እንዳስተማራት መሰከረችበት። እርሱም ነገሩን አልካደም፤ ይልቁንም ለከሳሹ ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ለኤድዋርድ ኮክ ጥያቄ አቀረበለት። የፈረንሳይ ንጉሥ እንግሊዝን ወርሮ ንግሥቲቱ በአንድ ቤት ብትሸሸግ፥ ያለችበትንም የሚያውቀው ዐቃቤ ሕጉ ብቻ ቢሆን፥ አልምልም ማለቱም እርሷን ማሳወቅ ቢሆንበት፥ አላውቅም ብሎ አይምልምን አለው። የጥያቄው ክብደት ፍርዱን አልለወጠውም፤ ሳውዝዌል በዚያው ዓመት ተሰቀለ። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ነፍስ ለማዳን የተደረገ ነበረና ብዙ ሰው በልቡ ያዘነለት ይመስላል። ከዐሥር ዓመት በኋላ ግን ያው ትምህርት ወደ ሌላ ነገር ገባ።

ኅዳር 5 ቀን 1605 የእንግሊዝ ምክር ቤት በንጉሡ በጄምስ 1ኛ ፊት ሊከፈት በተዘጋጀበት ዕለት፥ ከአዳራሹ በታች 36 በርሜል ባሩድ ተገኘ። ሴራውን የጠነሰሱት የካቶሊክ መኳንንት ነበሩ። ከእነርሱ አንዱ በሆነው በፍራንሲስ ትሬሻም መጻሕፍት መካከል በብራና የተጠረዘ አንድ የእጅ ጽሑፍ ተያዘ፤ ጸሓፊውም በእንግሊዝ የጀስዊቶች አለቃ የነበረው ሄንሪ ጋርኔት ነው። የመጽሐፉ ርእስ በመጀመሪያ ስለ ኢክዊቮኬሽን የተጻፈ ድርሳን የሚል ነበረ፤ በኋላ ግን ይህ ተሠርዞ ሐሰትንና ተንኰልን የሚቃወም ድርሳን የሚል ተጻፈበት። ስለ ሁለት ትርጓሜ የሚያስተምር መጽሐፍ ራሱ ሁለት ስም ይዞ መገኘቱ ለከሳሾቹ ሠርግና ምላሽ ሆነላቸው። መጽሐፉ ዛሬ በኦክስፎርድ በቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ይገኛል፤ በ1851ም ታትሟል።

ጋርኔት ሴራውን አስቀድሞ የሰማው በንስሐ ምስጢር ከሌላ ቄስ ስለ ሆነ ልገልጠው አልቻልሁም አለ። ይህ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ምናልባት የሚያዝንለት ዳኛ በተገኘ ነበር። ነገር ግን በለንደን ግንብ ታስሮ ሳለ ኦልድኮርን ከሚባለው ከሌላው ቄስ ጋራ በግድግዳ ቀዳዳ እንዲነጋገሩ ሆን ተብሎ ተተዉ፤ በስውር የተቀመጡ ሰዎችም ንግግራቸውን ጻፉት። ጋርኔት ተነጋግረሃል ወይ ተብሎ ሲጠየቅ አልተነጋገርሁም ብሎ ካደ፤ ጓደኛው ማመኑን በነገሩት ጊዜ ግን አመነ። ትሬሻምም በእስር ቤት ሊሞት ሲል ጋርኔትን 16 ዓመት አላየሁትም የሚል ቃል አስጽፎ ነበር፤ ጋርኔት ራሱ ግን በዚያ ዘመን ውስጥ መገናኘታቸውን አልካደም። እንግዲህ ይህ ለሞት የቀረበ ሰው የሰጠው ቃል ምንድር ነው ብለው በችሎት ሲጠይቁት፥ ምናልባት ኢክዊቮኬሽን ማድረጉ ይሆናል ብሎ መለሰ። ከዚህ መልስ በኋላ ጋርኔት የተናገረውን ሁሉ የሚያምን ሰው ጠፋ። እውነት በተናገረበትም ቦታ በልቡ ምን አስቀርቶ ይሆን እየተባለ ይጠረጠር ጀመር፤ ትምህርቱ ያደረሰበት ትልቁ ጕዳት ምናልባት ይህ ነው። መጋቢት 28 ቀን 1606 ተፈረደበት፤ ግንቦት 3 ቀን በጳውሎስ ካቴድራል ቅጥር ግቢ ተሰቀለ። የሮማ ቤተ ክርስቲያን ሳውዝዌልን በ1970 ከቅዱሳን መዝገብ ስታገባው፥ የጋርኔት ስም ግን በዚያ መዝገብ አልገባም።

ከዚያ ዓመት ጀምሮ ቃሉ ከመምህራን አፍ ወጥቶ ወደ ገበያ ገባ። በ1606 ገደማ በተጻፈው በሼክስፒር «ማክቤዝ» ውስጥ፥ የሰከረ በር ጠባቂ የሲኦልን ደጅ የሚጠብቅ መስሎት ከሚያስገባቸው ኃጥአን አንዱ በዚህ ነውር የታወቀ ሰው ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰውን ያነበበ ሰው እንደሚያስታውሰው፥ ማክቤዝንም የሚያጠፋው ውሸት አይደለም፤ ጠንቋዮቹ የነገሩት ሁሉ ይፈጸማል፥ እርሱ በተረዳው መንገድ ግን አይፈጸምም። በዚያው ዓመት ምክር ቤቱ ለካቶሊኮች ባወጣው የታማኝነት መሐላ ላይ፥ የሚምለው ሰው ያለ ኢክዊቮኬሽንና በልብ ያለ ምንም ማስቀረት እምላለሁ እንዲል ተደረገ። ይህም ለሕግ አዋቂ የሚያስገርም ነገር ነው፤ በልቡ የሚያስቀር ሰው ይህንኑ አንቀጽ ሲናገርም በልቡ ሊያስቀርበት ይችላልና። መሐላ በመሐላ አይታሰርም፤ ያም ሆኖ አንቀጹ ቀረ፥ ባሕርም ተሻገረ። የአሜሪካ መንግሥት በእርስ በርሱ ጦርነት ጊዜ በ1862 ለሹማምንቱ ባወጣው መሐላ ላይ በልብ ስለ ማስቀረት የሚናገረው ቃል ገባ፤ ዛሬም የአሜሪካን ዜግነት የሚቀበለው ሁሉ፥ ከእነርሱም መካከል ብዙዎቹ የኢትዮጵያ ተወላጆች፥ ቀኝ እጁን አንሥቶ ይህንኑ ይናገራል።

ለካህናት ግን የነገሩ ሥር ከእንግሊዝ ታሪክ ይቀድማል። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን የሾመው ቅዱስ አትናቴዎስ፥ ንጉሡ ዩልያኖስ በ362 ባሳደደው ጊዜ በታንኳ በዓባይ ላይ ይሸሽ ነበር። አሳዳጆቹ እንደ ደረሱበት ባወቀ ጊዜ ታንኳውን ወደ እነርሱ አዞረ፤ አትናቴዎስ የት አለ ብለው ሲጠይቁም፥ ሩቅ አይደለም የሚል መልስ ተሰጣቸውና አልፈው ሄዱ። ይህን የጻፈው በ5ኛው መቶ ዓመት የነበረው የታሪክ ጸሓፊ ቴዎዶሪጦስ ነው። አብርሃምም ሣራን እኅቴ ናት ማለቱና በኋላ የአባቴ ልጅ ናት ብሎ ማስረዳቱ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 20 ተጽፎ ይገኛል። አውግስጢኖስ በ395 እና በ420 ገደማ ስለ ሐሰት ሁለት መጻሕፍት የጻፈ ሊቅ ነው፤ ነፍስ ለማዳንም ቢሆን መዋሸትን አይፈቅድም፤ ስለ አብርሃም ግን እውነቱን ሸሸገ እንጂ ሐሰት አልተናገረም ሲል ፈረደ። በአትናቴዎስ መልስና በልብ በማስቀረት መካከል ያለው ልዩነት ግን መዘንጋት የለበትም። አሳዳጆቹ «ሩቅ አይደለም» የሚለውን ቃል ልብ ብለው ቢመረምሩት ኖሮ በታንኳዪቱ ውስጥ ባገኙት ነበር፤ ቃሉ ሁለቱንም ትርጓሜ በእውነት ይችላልና። በአፍ «አላየሁም» ብሎ የቀረውን በልብ የሚጨምረው ሰው ቃል ግን ቢመረመርም የሚሰጠው አንድ ትርጓሜ ብቻ ነው፤ እርሱም ሐሰት ነው። ፈረንሳዊው ፓስካል በ1656 እና በ1657 ባወጣቸው ደብዳቤዎች በዚህ ትምህርት ላይ እስኪበቃው ድረስ ተሣለቀበት፤ በመጨረሻም የሮማው ፓፓ ኢኖሰንት 11ኛ በ1679 በልብ የማስቀረትን ትምህርት አወገዙት። ሁለት ትርጓሜ ያለውን ቃል የመናገሩ ነገር ግን ውግዘት ሳይደርስበት ቀረ፤ ክርክሩም አላለቀም።

በእንግሊዝ ሥርዓት የሚዳኙ ችሎቶች ይህን ተንኰል ለመዝጋት ያላቸው በር የምስክሩ መሐላ ነው። ምስክሩ እውነቱን፥ እውነቱን በሙሉ፥ ከእውነቱም በቀር ምንም እንዳይናገር ይምላል። ነገሩን የማያውቅ ሰው አንድ ቃል ሦስት ጊዜ ለጌጥ የተደጋገመ ይመስለዋል፤ ሁለተኛው ግን እኩሌታውን ነግሮ እኩሌታውን ለሚያስቀረው የተደረገ መዝጊያ ነው። መዝጊያው ምን ያህል እንደሚይዝ በአሜሪካ አገር በአንድ የሲኒማ ባለጠጋ ነገር ታይቷል። ሳሙኤል ብሮንስተን «ኤል ሲድ» የተባለውን የ1961 ሲኒማ ያሠራ ሰው ነው። ኩባንያው ከስሮ በ1966 በመሐላ ሲጠየቅ፥ የአበዳሪዎቹ ጠበቃ በስዊስ ባንኮች ገንዘብ አለህ ወይ አለው፤ የለኝም አለ። ኖሮህስ ያውቃል ወይ ቢለው፥ ኩባንያው በዙሪክ ስድስት ወር ያህል ነበረው ብሎ መለሰ። ይህም እውነት ነበረ። ነገር ግን በራሱ ስም በጄኔቭ ባንክ አምስት ዓመት ያህል ሒሳብ ነበረው፤ ያገባበትም ገንዘብ ከ180 ሺህ ዶላር በላይ ነበር። የተጠየቀው ስለ ራሱ ነው፤ የመለሰው ስለ ኩባንያው ነው፤ ጠበቃውም ሳያስተውል አለፈው።

የበታች ፍርድ ቤቶች በሐሰት መሐላ ፈረዱበት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በ1973 በዘጠኙም ዳኞች ስምምነት ፍርዱን ሻረው። ምክንያቱም ሕጉ የሚቀጣው እውነት ያልሆነውን ቃል ነው፤ የብሮንስተን ቃል ግን ሊያስት ታስቦ የተነገረ ቢሆንም በቃሉ እውነት ነው፤ መልሱ ከጥያቄው መሸሹን አይቶ አጥብቆ መጠየቅ የጠበቃው ሥራ ነበረ አሉ። ይህ ፍርድ ብዙ ሰዎችን አስከፍቷል፤ ከመሐላው ሁለተኛ ቃል ጋራ ሲመዛዘን በእርግጥም ጐደሎ ይመስላል። ሆኖም ዳኞቹ የፈሩት ነገር አለ። ሰው ባልተናገረው በልቡ ሐሳብ የሚታሰር ቢሆን፥ ግራ ገብቶት የመለሰ ምስክር ሁሉ ሊታሰር ነው፤ በፍርሃትም የሚመሰክር ይጠፋል። ከዚያ ወዲህ በአሜሪካ ሸፍጥ የሚጠረጥር ጠበቃ ጥያቄውን ደግሞ ደጋግሞ ያጠብቃል። ፕሬዚዳንት ክሊንተን በነሐሴ ወር 1998 ከአንዲት ሴት ጋራ ስለ ነበራቸው ግንኙነት በመሐላ ሲጠየቁ፥ ጠበቃቸው «የለም» ያለው ቃል እውነት መሆንና አለመሆኑ «ነው» የሚለው ቃል በሚሰጠው ትርጓሜ ይለያል ብለው መለሱ፤ አሁን የለም ማለትና ኖሮም አያውቅም ማለት ልዩ ልዩ ነው ለማለት ነበር። በሰዋስው በኩል መልሳቸው ትክክል ነው። ይህ ትክክልነት ግን ሕዝቡ ከሳቀበት በቀር የጠቀማቸው ነገር አልነበረም፤ በ1999ም አንዲት የፌዴራል ዳኛ ቀደም ሲል በዚያው ነገር በሰጡት ቃል ችሎት ደፍረዋል ብለው ፈረዱባቸው።

ዛሬ በእንግሊዝኛ ቃሉ ከጥንቱ ለዝቧል። ጋዜጦች አንድ ሚኒስትር ኢክዊቮኬት አደረገ ሲሉ፥ አዎን ወይም አይደለም ማለት ሲገባው በመካከል ዋለለ ለማለት ነው፤ መሐላና ስቅላት ያለበትን የጥንቱን ትርጓሜ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። እንዲያውም አሁን ይበልጥ የሚሰማው የአፍራሹ ቃል ነው፤ መንግሥታት አንድን ድርጊት ሲነቅፉ «አንኢክዊቮካል» በሆነ ቃል እንነቅፋለን ይላሉ። ከጎኑ የሚቆም «ፕሪቫሪኬሽን» የሚባል ቃልም አለ፤ ሥሩ በሮማይስጥ እግርን አንፈርፍሮ መሄድ ማለት ነው፤ በሮማውያንም ሕግ ከተከሳሹ ጋራ በስውር ተስማምቶ ክሱን የሚያላላ ከሳሽ የሚጠራበት ስም ነበረ። ብዙ ጸሓፊዎች ሁለቱን እንደ አንድ ያዩአቸዋል፤ ትክክሉ ግን ፕሪቫሪኬሽን ከጥያቄው መሸሽ ሲሆን፥ ኢክዊቮኬሽን ወደ ጥያቄው ቀርቦ ሁለት ፊት ያለው መልስ መስጠት ነው። በዚህ ሚዛን የብሮንስተን መልስ ወደ ፊተኛው፥ የፕሬዚዳንቱ መልስ ወደ ኋለኛው ያደላል።

ለተርጓሚ የሚቀረው የአማርኛው ነገር ነው። ሰውየው መልሱን ማዘግየቱ ወይም መወላወሉ ብቻ ከታየ «ወላወለ» ይበቃል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት «ጕዳዩ በመታየት ላይ ነው» ተብሎ ለባለ ጕዳይ የሚጻፈው መልስ፥ መዝገቡ ከመሳቢያ ሳይወጣ የተጻፈ እንደ ሆነ ግን ይህ መወላወል አይደለም፤ መዝገቡን አንድ ጊዜ ገልጦ ያየው ሹም ቃሉን እውነት ነው ሊል ይችላል፥ ባለ ጕዳዩ ግን ሥራው እየተሠራ መስሎት ወደ አገሩ ይመለሳል። እንዲህ ላለው «ቃል አሻምቶ አታለለ» ቢባል የሁለቱንም ወገን ይይዛል፤ «አሻምቶ» የሚለው ቃሉ ሐሰት አለመሆኑን ይጠብቃል፥ «አታለለ» የሚለው ወቀሳውን ይጠብቃል። ማታለል ማሰቡ ያልተረጋገጠ እንደ ሆነ የኋለኛውን ትቶ «አሻሚ ቃል ተናገረ» ማለት ይገባል። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ የትኛውን ማለቱ እንደ ሆነ ካልታወቀ ደግሞ፥ ተርጓሚው ቃሉን እንዳለ በፊደል ጽፎ ጸሓፊውን መጠየቅ ይሻለዋል።